ጥቁሩ ንጉሠ ነገሥት፦ ውዳሴ ከፖላሪስ

ከገብስ ተወልዶ በእሳት የተፈተነ፣ ከውኃ ተዋሕዶ በዘመን የበሰለ፤ ጥቁረቱ ካባው፣ አረፋው ዘውዱ፣ መዓዛው አዋጅ ነጋሪው፤ ርእሰ መጠጥ፣ ልዑለ ማዕድ፣ ንጉሠ ነገሥተ ጠመቃ፤ ኢምፔሪያል ስታውት ሆይ፣ ክብር ላንተ ይገባል። ሌሎች መጠጦች ጥምን ያረካሉ፤ አንተ ግን ትዕግሥትን ታስተምራለህ። ሌሎች ብርሃንን አሳልፈው ይሰዳሉ፤ አንተ ግን ብርሃንን ተቀብለህ በእልፍኝህ ታኖራለህ። ሌሎችን የቸኮለ ይጨልጣቸዋል፤ አንተን ግን የረጋ ልብ ይቀበልሃል፣ የነቃ አፍንጫ ያደምጥሃል፣ የተገራ ምላስ ይመሰክርልሃል።

ይህ ቃለ ውዳሴ የሚነሣው ከፖላሪስ ነው፤ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ካለችው ከኮለምበስ ከተማ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ የፍራንክሊንና የዴላዌር ካውንቲዎች ከሚዋሰኑበት፣ ኢንተርስቴት 71 የተሰኘው ታላቅ ጎዳና ሌትና ቀን ከማያርፍበት ስፍራ። በአንድ ዘመን የገበሬ ማሳ የነበረው ሜዳ ዛሬ የንግድ አደባባይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2007 ሙዚቃ ያስተጋባበት ሰፊ የአየር ላይ መድረክ አልፎ በስፍራው የኢኬያ ሕንፃ ቆሟል፤ በ2001 የተከፈተው የገበያ ማዕከልም የአካባቢው እምብርት ነው። ይህን ሁሉ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ የምወድሰው ሕንፃ አይደለምና። በጥርና በየካቲት ግን፣ ከሰሜን የሚወርደው ነፋስ ሲጸና፣ በረዶው ምድሩን ሲያለብስና ፀሐይ ፈጥና ስትሰወር፣ ያን ጊዜ የፖላሪስ አዳራሾች ጥቁሩን እንግዳ ይቀበላሉ። ብርዱ ደጁን ይጠብቃል፣ እርሱ ማዕዱን ይጠብቃል፤ ሌሊቱ በውጭ ይረዝማል፣ ሌሊቱ በብርጭቆ ይሞቃል።

ማዕረጉን ከገበያ አላነሣውም፤ ከቤተ መንግሥት ተቀበለው እንጂ። በለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ በሳውዝዋርክ ሠፈር አንከር የተባለ ታላቅ ጠመቃ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ሄንሪ ትሬል በ1781 ሲያርፍ ኑዛዜውን ካስፈጸሙት አንዱ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሊቁ ሳሙኤል ጆንሰን ሆነ፤ ጠመቃ ቤቱም በ135 ሺህ ፓውንድ ለባርክሌይና ለፐርኪንስ ተላለፈ። ሊቅ ያስማማው፣ ባለጠጋ የገዛው፣ ንግሥት የጠበቀችው ቤት ነበር። በ1796 ሰዓሊው ጆሴፍ ፋሪንግተን ከዚያ ቤት የወጣ፣ ፖርተር የተባለ ጥቁር ቢራ ቀምሶ፣ መጠጡ ለሩሲያ ንግሥተ ነገሥታት ተለይቶ እንደ ተጠመቀ የሰማውን በዕለት ማስታወሻው አሰፈረ። ግዛቷ ከባልቲክ ባሕር እስከ ሩቅ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ማዕዷ የአውሮፓን ምርጥ ሁሉ የሰበሰበ ዳግማዊት ካትሪን፤ እርሷ የመረጠችው መጠጥ የእርሷን ማዕረግ ለብሶ ቀረ። ሮማኖቮች አለፉ፣ ዙፋናቸውም በ1917 ወደቀ፤ ስታውቱ ግን ዛሬም ኢምፔሪያል ተብሎ ይጠራል።

ብርታቱ የባሕሩን ጉዞ ለመቋቋም ሲባል ብቻ የተሰጠው ነው የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ደካማው ፖርተርም ባሕር ተሻግሯል፤ ይህኛው የበረታው ቤተ መንግሥቱ ብርታትን ስለ ወደደ፣ የሰሜኑ ብርድ ለጽኑ መጠጥ ጽኑ ፍቅር ስላለው ነው። ብርታቱ የፍርሃት ልጅ አይደለም፤ የክብር ልጅ ነው።

ባሕሩ ግን የራሱን ድርሻ ወስዷል። ኤ. ለኮክ የተባለው የንግድ ቤት ይህን ጥቁር መጠጥ ከለንደን ወደ ባልቲክ ወደቦች ይልክ ነበር። በ1869 ኦሊቫ የተባለች መርከብ ጭነቷን እንደ ያዘች በባልቲክ ሰጠመች፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1974 ጠላቂዎች ወርደው የዚያን ቤት ስም የያዙ ጠርሙሶች አወጡ። መርከቢቱ በሰበሰች፣ ጠርሙሱ ጸና፤ ባለ ጭነቱ ተረሳ፣ ስሙ ተነበበ። ያው ቤት በ1912 ጠመቃውን ወደ ታርቱ አዛወረ፤ ዛሬም በኢስቶኒያ ምድር ስሙ ሕያው ነው።

ስለ ጥቁረቱም እንናገር፤ ጥቁረቱ ጌጥ ሳይሆን ገድል ነውና። በጥንቱ ሥርዓት ጠማቂዎች ጥቁር ቀለም ሲሹ ብቅላቸውን በእንጨት እሳት አጠውልገው ያጠይሙት ነበር፤ ቀለሙ ይገኛል፣ የእህሉ ኃይል ግን በጢስ ይባክናል። በ1817፣ ማርች 28 ቀን፣ ዳንኤል ዊለር የተባለ እንግሊዛዊ ብቅልን በሚሽከረከር ብረት ውስጥ የመቁላት ዘዴ አውጥቶ የባለቤትነት መብት ተቀበለ። መሣሪያው የቡና መቁያ ዘመድ ነው፤ ብቅሉ እየተገላበጠ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ግለት ይጠቁራል፤ ፍጹም ጥቁረት ላይ ሲደርስ ውኃ ተረጭቶበት እሳቱ ይቆማል። እዚህ ላይ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ጥቂት ቢዘገይ ከሰል ይሆናል፣ ጥቂት ቢቸኩል ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያች ቀጭን መስመር ላይ የሚቆመው ቆዪ ባለሙያ እንጂ ተራ ሠራተኛ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ጸና፦ ነጩ ብቅል ስኳሩን ይሰጣል፣ ጥቂቱ ጥቁር ብቅል ቀለሙንና ግርማውን ይሰጣል፤ ብዙኃኑ ይመግባሉ፣ ጥቂቱ ይገዛል።

ጠማቂው ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ለጋስነት ነው። ለተራ ቢራ ከሚያወጣው እህል እጥፍ የሚያህል ያወጣል፤ የሚያገኘው ጭማቂ ግን ያነሰ ነው። ጭማቂው እርሾ ከመቀበሉ በፊት ክብደቱ ከውኃ እስከ 1.115 እጥፍ ይደርሳል፤ በማር ጥብጥ አጠገብ የሚቆም ውፍረት ነው። ለረጅም ሰዓት ይፈላል፣ ሆፕ በተባለ መራራ አበባ ይመራል፣ ከዚያም ለእርሾ ይሰጣል። እርሾውም በዚያ ጣፋጭ ጥልቅ ውስጥ ይታገላል፤ ደካማው እርሾ ገና መንገዱ ሳይጋመስ ይሸነፋል፣ ጽኑው ብቻ እስከ ፍጻሜው ይዘልቃል። ውጤቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ የሚደርስ አልኮል የተሸከመ፣ ምሬቱ ጣፋጭነቱን የሚጠብቅ፣ ጣፋጭነቱ ምሬቱን የሚያከብር መጠጥ ነው። አንዱ ከሌላው ቢበልጥ መንግሥቱ ይፈርሳል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ ዙፋኑ ይጸናል።

አሁን ወደ ማዕዱ ልቅረብ። በፊቴ የቀረበው ከክሊቭላንድ የመጣው ብላክአውት ስታውት ነው፤ በ1988 የተመሠረተው ግሬት ሌክስ ጠመቃ ቤት የሚያወጣው፣ ብርታቱ 9 በመቶ የሆነ ባለ ግርማ። ስሙን የወሰደው ኦገስት 14 ቀን 2003 ከሰሜን ኦሃዮ ተነሥቶ የአሜሪካን ሰሜን ምሥራቅና የካናዳን ኦንታሪዮ ካጨለመው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው፤ ሃምሳ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ያገኘው ያ ጨለማ በጠርሙስ ውስጥ መታሰቢያ ቆመለት።

ብርጭቆው ሆዱ የሰፋ፣ አፉ የጠበበ፣ እግሩ ያጠረ ነው፤ መዓዛን ሰብስቦ ለአፍንጫ የሚያስረክብ። መጠጡም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ጥቂት ቆይቷል፤ የበዛ ቅዝቃዜ አንደበቱን ያስረዋልና፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲደርስ ብቻ ይናገራል። ጠርሙሱ ሲዘነበል ድምፁ የተራ ቢራ ጩኸት አይደለም፤ ዝግ ያለ፣ የወፈረ፣ ራሱን የሚያከብር አወራረድ ነው። ከታች ጥቁረት ይሰፍራል፤ ከላይ ቡናማ አረፋ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ተነሥቶም ይረጋል፣ ረግቶም በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ዳንቴል ይሠራል። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ሳነሣው ብርሃን አያልፍበትም፤ በዳሩ ብቻ፣ ጠጋ ብሎ ላየ፣ የከበረ ድንጋይ ቅላት ብልጭ ይላል። ባዘነበልኩት ጊዜ ከመስተዋቱ ላይ ፈጥኖ አይለቅም፤ ቀጭን መጋረጃ ጥሎ በዝግታ ይመለሳል።

ቀጥሎ መዓዛው። ይህ ስፍራ ሰፊ ነው፤ ልቆይበት። በፊት የሚቀድመው የተቆላ ገብስ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ደረቅ፣ የምጣድ ግለት ያልለቀቀው። ከኋላው ቡና ይመጣል፤ ከቡናው ኋላ ጥቁር ቸኮሌት፤ መጠጡ እየሞቀ ሲሄድም ዘቢብ፣ የደረቀ ፕለምና የተቃጠለ ስኳር በየተራቸው ወደ ዙፋኑ ይቀርባሉ። በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያዊ አፍንጫ ከማንም ቀድሞ የተማረ ነው። በልጅነቱ ቡና ሲቆላ ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ ሲስብ ያደገ ሰው፣ ቡናን ቡና የሚያሰኙትና ብቅልን በእሳት የሚያከብሩት ውሕዶች ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳይነገረው ያውቃል። ኬሚስቶች ፒራዚን ይሏቸዋል፤ በእህልም በቡናም ውስጥ ስኳርና ፕሮቲን በእሳት ሲገናኙ የሚወለዱ ናቸው። እናቶቻችን ስም ሳይሰጧቸው አከበሯቸው።

ከዚያ ጉንጭ አይሞላም፤ ምላስ ይነካል እንጂ። መጀመሪያ ልስላሴ ነው፤ ወፍራም፣ ሐር የለበሰ፣ ከንፈርን የሚያከብር። በመካከል ጣፋጭነቱ ይከፈታል፤ የማር ሳይሆን የጠቆረ ስኳር ጣፋጭነት። ምሬቱም ከሁለት በር ይገባል፦ አንዱ የሆፕ፣ ሹል፤ ሁለተኛው የተቆላው እህል፣ ጥልቅ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ከደረት ይነሣል፤ የብርቱ አረቄን ንዳድ አይዝም፣ ዝግ ብሎ የሚሰፋ ሞገስ ነው። ከዋጡትም በኋላ አይሄድም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ቡናው በምላስ ሥር ቆሞ ይቆያል፤ የተሰናበተ የመሰለው ተመልሶ ስንብቱን ይደግማል። ጥቂት የሚጠጣ ብዙ ያገኛል። በአንድ ማዕድ አንድ ብርጭቆ ለእርሱ ክብር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ ንጉሥን ደጋግሞ ከእልፍኙ መጥራት ይሆናል።

ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ ቡልጋ ተወልደው ወደ ኦሃዮ የመጡ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ኋላም «ይህስ የእናቴ አሻሮ ነው» አሉ። ማንም መልስ አልሰጣቸውም፤ የሚጨመር አልነበረምና።

እውነት ተናገሩ። ኢትዮጵያ ለጥቁር መጠጥ ባዳ አይደለችም። እነዚያ ክቡራት እናቶች፣ የጋን ባለቤቶች፣ የጠላ ሊቃውንት፤ ጋኑን በወይራ ጢስ ሲያጥኑ፣ ጌሾውን ወቅጠው ሲጠነስሱ፣ ገብሱን አብቅለው ብቅል ሲያወጡ፣ አሻሮውን ሲቆሉና ሲያስፈጩ፣ ዱቄቱን ለውሰው በምጣድ ላይ እንኩሮ ሲያጠቁሩ፣ ጥንስሱን ድፍድፍ አድርገው አፉን ሲያትሙ፤ እነርሱ የዊለርን ብረት አላዩም፣ የሳውዝዋርክን ጠመቃ ቤትም አልሰሙም። ጥቁረት ከእሳት፣ ግርማ ከትዕግሥት እንደሚገኝ ግን በእጃቸው መዳፍ ያውቁ ነበር። ለንደን ለንግሥት ጠመቀች፤ እነርሱ ለሠርግና ለማኅበር፣ ለደቦና ለዝክር ጠመቁ። የለንደኑ ዝና በመጽሐፍ ተጻፈ፤ የእነርሱ ዝና በጠጪው ምስጋና ላይ ቀረ። ሆፕ ለስታውቱ የሚሰጠውን መራራ ጽናት ጌሾ ለጠላው ይሰጣል፤ በርሜል ለስታውቱ የሚሰጠውን የእንጨት መዓዛ ወይራ ለጠላው ይሰጣል። ይህን የምለው አንዱን በሌላው ለማሳነስ አይደለም፤ ሁለት መሳፍንት በአንድ አዳራሽ ስላየሁ ነው።

የዘመኑም ምድራችን በጥቁሩ ቢራ መንገድ ተጉዛለች። እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ የጀመረው የሐረር ቢራ ፋብሪካ ሐኪም ስታውት የተባለውን ጥቁር ቢራ አውጥቷል። ከግንቡ ከተማ፣ ቡናዋ በዓለም ከተከበረላት ከሐረር፣ ጥቁር ቢራ መውጣቱ ለእኔ የሚያስደንቅ አልሆነም። ብርታቱ የኢምፔሪያሉን አይደርስም፤ ወገኑ ግን ያው ነው።

ከዚህም የሚጠልቅ ዝምድና አለ፤ በብርጭቆው ውስጥ ተሰውሮ፣ በእህሉ ደም ውስጥ። ሩሲያዊው የእህል ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ሲጎበኝ የገብሷ ዓይነት ብዛት አስደንቆት ነበር፤ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ሐምራዊው፣ ባለ ሁለት ረድፉ፣ ባለ ስድስት ረድፉ፣ በአንድ ደጋ ላይ ጎን ለጎን። ኋላም ገብስን እያቀጨጨ ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስ የካሊፎርኒያን ማሳ ባስጨነቀ ጊዜ፣ መከላከያው ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኘ፤ ዋይዲ2 የተባለው ዘረመል ከእኛ ደጋ ወደ አሜሪካ ማሳ ተሻገረ። በአውሮፓም በቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ የብቅሉን ገብስ ሲያጠቃ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ገብስ የተገኘው ኤምኤልኦ የተባለ ባሕርይ ጋሻ ሆነለት፤ ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ የፀደይ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ይጠብቃቸዋል። የሸዋና የጎጃም፣ የአርሲና የባሌ ገበሬዎች፣ ስማችሁ በጠርሙሱ ላይ አልታተመም። በዓለም ጠመቃ ቤቶች ውስጥ ግን የእናንተ ዘር ቆሞ ሲጠብቅ ይኖራል። የብቅል ብርጭቆ ሲነሣ የደጋው ጥበቃ አብሮ ይነሣል።

ወደ ኦሃዮ ልመለስ፤ ኦሃዮም ለዚህ ንጉሥ የታመነች ግዛት ሆናለችና። በአክረን ከተማ ሆፒን ፍሮግ የተባለው ጠመቃ ቤት በአጃ የለሰለሰ ኢምፔሪያል ስታውት ያወጣል፤ ቦሪስ ይሉታል፤ በ2008 በታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል የወርቅ ሜዳሊያ ተቀዳጅቷል። በዚያው በአክረን ተርስቲ ዶግ የተባለው ጠመቃ ቤት የሳይቤሪያን ሌሊት በስሙ የሚያስታውስ ስታውት አውጥቷል። በኮለምበስ መሐል ከተማም ዉልፍስ ሪጅ የተባለው ጠመቃ ቤት ዳየር ዉልፍ የሚሉትን ስታውት አቅርቧል። ቀድሞ በኦሃዮ ሕግ ከ12 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ቢራ አይሸጥም ነበር፤ በ2016 ያ ገደብ ተነሣ፤ ብርቱዎቹ ስታውቶችም ያለ ወሰን ወደ መደርደሪያው ገቡ። ሕግ አውጪዎች ለንግድ ብለው ያደረጉት ይሆናል። ለእኔ ግን የንጉሥ በር ሲከፈት እንደ ማየት ነበር።

የደቡቡ ጎረቤትም የራሷን ስጦታ አክላለች። ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ያለችው ኬንታኪ የቦርቦን ምድር ናት፤ በሕግ ቦርቦን በአዲስና በውስጡ በተቃጠለ የኦክ በርሜል እንዲያርፍ የታዘዘ ነው። አንድ ጊዜ ቦርቦን የያዘ በርሜል ለሌላ ቦርቦን አይሆንም፤ ስለዚህ በርሜሎቹ ይለቀቃሉ፣ ጠማቂዎችም ይቀበሏቸዋል። ስታውቱ በዚያ እልፍኝ ወራትን ይቀመጣል፤ የተቃጠለውን እንጨት ይጠጣል፣ የቦርቦኑን ቅሪት ይዋሳል፣ ቫኒላና ካራሜል ከኦክ ልብ ያወጣል። ስታውቱ በርሜሉን ያከብራል፣ በርሜሉም ስታውቱን ያስተምራል። በቀዝቃዛ ጓዳ የተቀመጠ ጠርሙስም ከዓመት ዓመት ይለወጣል፤ የሆፑ ስለት ይለዝባል፣ የዘቢቡ ጥልቀት ይጨምራል፤ በወጣትነቱ የሚገሥጸው በሽምግልናው ይመክራል።

በዘመናችን ግን ብዙዎች በዚህ ጌታ ላይ ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ የኬክ ሽሮፕና ጣፋጭ ሁሉ ሲያፈሱበት አያለሁ፤ ልቤም ያዝናል። በራሱ እሳት ያገኘው ቸኮሌት እያለ የተበደረ ቸኮሌት ምን ይጨምርለታል? በራሱ ጥቁረት የተሸለመ ከሌላ ጌጥ አይለምንም። ቡና ብቻ እቀበላለሁ፤ ቡና ወንድሙ ነውና፣ ይልቁንም ከይርጋጨፌ ወይም ከሐረር የመጣ ቢሆን።

እንግዲህ አንድ ምኞት አለኝ፤ ለዚህ ሁሉ ውዳሴ ምክንያት የሆነኝም ያው ነው። በኢትዮጵያ ምድር የተነሣ ጠማቂ፣ ወጣት ይሁን አዛውንት፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከደብረ ብርሃን ደጋ ጥቁር ገብስ ያምጣ፤ በእናቱ ምጣድ ሥርዓት ይቁላው፣ በጌሾ ያምርረው፣ ጋኑን በወይራ ያጥነው፣ ብርታቱን ከ9 በመቶ በላይ ያድርሰው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያስቀምጠው። በጠርሙሱ ላይ የመንደሩን ስም ይጻፍ፤ ገበሬውንና ጠማቂዋን በስማቸው ይጥራ። ያ ጠርሙስ በአንድ የብርድ ወር ወደ ፖላሪስ ሲደርስ፣ ከክሊቭላንዱ ጎን ተቀምጦ እኩል ይቀዳል፤ የቡልጋው አዛውንትም ቀድመው ይቀምሱታል።